ቀሪው ዜሮ ሲሆን

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኮምፒዩተር ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ነገ ቁጥር ይዘን ዜና የምንጽፈው እኛ ነንና ያገባናል።

«2000ን ወደ ኦክታል ለውጡ» ሲባል ብዙው ተማሪ የሚያውቀው በፓይተን «ኦክት» የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ መልሱን መገልበጥ ነው። ወረቀትና እስክርቢቶ ብቻ ሲሰጠው ግን ግራ ይጋባል። በእኔ እምነት ይህ የተማሪው ስንፍና ብቻ አይደለም፤ ትምህርቱ ከምናውቀው ነገር ስለማይጀምር ነው።

ኦክታል ከ0 እስከ 7 ባሉ ስምንት አሃዞች ብቻ የሚጻፍ ቁጥር ነው። 2000 ለ8 ሲካፈል 250 ደርሶ 0 ይቀራል። 250 ለ8፣ 31 ደርሶ 2 ይቀራል። 31 ለ8፣ 3 ደርሶ 7 ይቀራል። 3 ለ8፣ 0 ደርሶ 3 ይቀራል። ቀሪዎቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ስናነብ 3720 ይሆናል። «ምንም አልቀረም» ብሎ ዜሮውን የጣለ ተማሪ 372 ይጽፋል፤ ይህ ደግሞ 2000 ሳይሆን 250 ነው።

ለእኛ ለላስታ ልጆች በቀሪ መቁጠር እኮ እንግዳ ነገር አይደለም። ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩ የኔታ 5500 ላይ 2000 ደምረው 7500ን ለ4 ያካፍላሉ። 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነው። የግእዝ ቁጥር ዜሮ ባይኖረውም «ምንም አለመቅረት» እዚህ ስም አለው። 2000 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ስለነበር ገና የዋለው ታኅሣሥ 29 ሳይሆን 28 ነው። ያንን ቀሪ ያልቆጠረ ተሳላሚ ላሊበላ የሚደርሰው በቤተ ማርያም ቤዛ ኩሉ ከተባለ በማግሥቱ ነው!

በእርግጥ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የየኔታ ስሌት ወንጌላዊውን ለማወቅ አንድ ቀሪ ይበቃዋል፤ ኦክታል ግን ድርሻው ዜሮ እስኪሆን እየደጋገመ ያካፍላል። የሁለቱም ቁልፍ ግን ቀሪው ነው።

«ማሽኑ እያለ በእጅ ለምን?» የሚሉ አሉ። በእጁ መሥራት የማይችል ሰው ማሽኑን በተሳሳተ መንገድ ቢያዘው በምን ያውቃል? ስለዚህ መምህራኖቻችን ትእዛዙን ከማሳየታቸው በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ለቀሪ ይስጡልን። ከቆሎ ትምህርት ቤት የመጣውን ልጅም ወደ ሰሌዳው ይጥሩት፤ የሚያስረዳን አያጣም።