ስለ «ሜክ አፕ»

ከምንሰማቸው የእንግሊዝኛ ሐረጎች መካከል «ሜክ አፕ» የምትባለው ብዙ መልክ ያላት ናት። ያመለጠንን ፈተና በሌላ ቀን ስንፈተን «ሜክ አፕ» እንላለን፤ ፊትን በቀለም መኳኳልም «ሜክ አፕ» ነው። መጽሐፍ ስናነብ ደግሞ የተጣሉ ሲታረቁ፥ ውሸታም ወሬ ሲፈጥር፥ ክፍሎች ተሰባስበው አንድ ሙሉ ነገር ሲሆኑ ይህችው ሐረግ ትመጣለች። «ሜክ» መሥራት፥ «አፕ» ወደ ላይ ነው ብሎ ለሚተረጉም ተማሪ ከእነዚህ አንዱም አይገኝለትም።

ነገሩ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «እጅ ሰጠ» ስንል ተማረከ ማለታችን ነው፤ እጁን ቆርጦ አስረከበ ብሎ የሚተረጉም የለም። ይህንንም ያወቅነው በንግግር መካከል ሰምተነው እንጂ ቃላቱን ነጣጥለን አይደለም።

የከፍተኛ ትምህርታችን ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆኖ ሳለ፥ በአንዲት ሐረግ ምክንያት የሚያውቀውን ጥያቄ የሚስት ተማሪ ሰነፍ ሊባል አይገባውም። ስለዚህ መምህራኖቻችን እንዲህ ያለ ሐረግ በፈተና ሲያስገቡ ፍችውን እንዲያብራሩልን እናሳስባለን። እኛም የቃላት ዝርዝር መሸምደዱን ትተን ሐረጉን ከነዐረፍተ ነገሩ እንያዝ። «ገባችሁ ወይ?» ስንባልም ሳይገባን አንገታችንን እየነቀነቅን መውጣቱ ይብቃን።