ከጋራ ሙለታ የተነሡት ሚኒስትር

ታይዋን ገበያ አጠገብ አንድ ወጣት የልብስ ቦንዳውን ገመድ ቆርጦ ሲዘረግፈው፣ የከበቡት ሴቶች ከመምረጣቸው በፊት ዋጋ ይጠይቃሉ። ድሬዳዋ የጅቡቲን በር እያየች የምትኖር ከተማ ናት፤ ሐዲዱም፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጠናም በጎረቤት ሰላም ላይ የቆሙ ናቸው። ዲፕሎማሲ እዚህ ከቤት ወጪ ጋር ይቆጠራል።

ስለዚህም የአቶ ከተማ ይፍሩ ስም በምሥራቁ ምድር አብዝቶ ሊነሣ ይገባዋል። በ1922 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ሐረርጌ፣ ጋራ ሙለታ ነው። አሜሪካ ተምረው ተመለሱ፤ ገና ሠላሳዎቹን ሲጀምሩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ተረክበው እስከ 1963 ዓ.ም. መሩት።

ያኔ አፍሪካ ለሁለት ተከፍላ ነበር። ንክሩማህና ናስር በካዛብላንካ ቡድን፣ ናይጄሪያና ላይቤሪያ በሞንሮቪያ ቡድን ተሰልፈዋል። ኢትዮጵያም አንዱን መርጣ ብትቀመጥ ይቀላት ነበር። አቶ ከተማ ግን ሁለቱን እናቀራርብ ብለው ጃንሆይን አሳመኑ። የጊኒው ሴኩ ቱሬ በ1954 ዓ.ም. አስመራ ድረስ መጥተው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር መከሩ፤ ከዚያ ወዲያ ሚኒስትሩ መሪዎቹን በየአገራቸው እየዞሩ አነጋገሩ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. መሪዎቹ አዲስ አበባ ሲገቡ እንኳ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቹ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ላይ አልተስማሙም ነበር። የሞሮኮው ንጉሥ በሞሪታኒያ ሳቢያ ቀሩ፤ ፕሬዚዳንቷ የተገደሉባት ቶጎም አልነበረችም። ግንቦት 17 ቀን ግን የቱኒዚያውን ቡርጊባን የመሰሉ ለዘብተኞች ከነንክሩማህ ጋር ባንድ ሰነድ ላይ ፈረሙ።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1956 ዓ.ም. መግቢያ፣ አልጄሪያና ሞሮኮ በድንበር ሲታኮሱ፣ ጃንሆይና የማሊው ሞዲቦ ኬታ ባማኮ ላይ አሸማገሏቸው።

ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብሪክስ አባል ናት፤ ከዓለም የገንዘብ ድርጅትም ትበደራለች። ከሁሉም ጋር መሆኑ ደግ ነው። ነገር ግን ወገን ሳይለዩ ቁጭ ካሉ ጎረቤት ይርቃል፤ አቶ ከተማ ወገን ያልለዩት ሻንጣቸውን ይዘው እየዞሩ ነበር። በቀይ ባሕር ዙሪያ ያለው ቅያሜ ዛሬም ያንኑ ድካም ይጠይቃል፤ የድሬዳዋ ነጋዴ የሚሻውም ይህንኑ ነው።

አብዮቱ ሲመጣ ደርግ ስምንት ዓመት አሰራቸው። ከተፈቱ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት የዓለም ምግብ ምክር ቤት አገልግለው በ1986 ዓ.ም. አረፉ። በአፍሪካ ኅብረት ግቢ የጃንሆይና የንክሩማህ ሐውልቶች ቆመዋል። ሁለቱን ወገኖች ለማገናኘት የዞሩት የጋራ ሙለታ ሰው ታሪክ ቢያንስ በድሬዳዋ ትምህርት ቤቶች ይነገር።

የዓምዱ አዘጋጅ፣ ከድሬዳዋ