የመቅኔ መንታ መንገድ

በመቐለ ጎዳናዎች ላይ ጀርባቸው ጎብጦ በከዘራ የሚሄዱ እናቶችን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ምክንያቱ ቢጠየቅ «እርጅና ነው» ይባላል። እኛ ግን ይህ መልስ ጥያቄውን የሚዘጋ እንጂ የሚመልስ ሆኖ አላገኘነውም። ከመንስኤዎቹ አንዱ ኦስትዮፖሮሲስ፣ ማለትም የአጥንት መሳሳት ነው፤ የሳሳ አከርካሪ ሰው ሳይወድቅ እንኳ ሊደረመስ ይችላል።

ለመሆኑ አጥንት ለምን ይሳሳል? አጥንት ዘወትር የሚፈርስና የሚታነጽ ሕያው አካል ነው። አፍራሾቹም ሆኑ አናጺዎቹ የሚወለዱት ከመቅኔ ግንደ ሕዋሳት ነው። አፍራሾቹ ደም ከሚያመነጩት ይገኛሉ። አናጺዎቹ ግን ሶቪየታዊው ሳይንቲስት አሌክሳንደር ፍሪደንስታይን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ባጠኗቸው ሌሎች ሕዋሳት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። እነዚህ በመንታ መንገድ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ወይ አጥንት ገንቢ ይሆናሉ፣ ወይ የስብ ሕዋስ። ዕድሜ ሲገፋ ሚዛኑ ወደ ስቡ ያጋድላል። (መቅኔ የሚወድ ሰው የጥጃው ቀይ፣ ያረጀው በሬ ደግሞ ቢጫ ቅባት መሆኑን ሳያስተውል አይቀርም።) በሴቶች ላይ የወር አበባ ሲቋረጥ የኢስትሮጅን ማነስ አፍራሾቹን ያበረታል።

ሚዛኑን የሚያዛባው ዕድሜ ብቻ አይደለም። ለአስምና ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን ለወራት ሲወሰድ ግንደ ሕዋሳቱን ወደ ስብ ይገፋል። መድኃኒቱ ሕይወት አዳኝ ነው፤ በድንገት ማቋረጡም አደገኛ ነው። የምንቃወመው ያለ ሐኪም ክትትል መወሰዱን ነው።

«ግንደ ሕዋስ» ሲባል ብዙ ተማሪ የሚያስበው የባሕር ማዶ መርፌን ነው። ለኦስትዮፖሮሲስ ፈዋሽነቱ የተረጋገጠ የግንደ ሕዋስ መርፌ ግን እስካሁን የለም፤ ሻጮቹ ቢኖሩም። ይልቅስ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 የፈቀደችው ሮሞሶዙማብ ስክለሮስቲን የተባለውን የአጥንት ግንባታ ልጓም ይይዛል። የዚህ ልጓም ምስጢር የተፈታው አጥንታቸው ከልክ በላይ የሚወፍር የደቡብ አፍሪካ ቤተሰቦች በመጠናታቸው መሆኑ ለእኛ ለአፍሪካውያን ትርጉም አለው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ግን ወጣቱ ነው። የአጥንት ክምችት በአብዛኛው የሚጠናቀቀው እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የምግብ እጥረት ያገኛቸው የትግራይ ልጃገረዶች ያንን ዕድሜ በረሃብ አሳልፈዋል። የአጥንት ጥግግት መለኪያ መሣሪያ በአገራችን እንደ ልብ አይገኝም። ቢሆንም የባዮሎጂና የሕክምና ክፍሎቻችን ተባብረው የዚህን ትውልድ አጥንት ከአሁኑ መከታተል ሊጀምሩ ይገባል እንላለን፤ ስብራቱ የሚመጣው ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ነውና።