«ሉክ አፍተር» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ግስ



ልጁን ወደ ሩቅ አገር ለትምህርት የሚልክ አባት ለትምህርት ቤቱ ዲሬክተር በሚጽፈው ደብዳቤ ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የሚያስበው አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም «ልጄን አደራ፤ ይጠብቁልኝ» የሚለው ነው። ነገር ግን ይህ ቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ የተሳሳተ እንደ ሆነ ደብዳቤው ቢደርስም አደራው ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ እንግሊዞች ዘወትር ስለሚናገሩት «ሉክ አፍተር» ስለሚባለው ግስ ዛሬ ጥቂት ለመጻፍ አሰብን።

በአማርኛችን «ጠበቀ» የሚለው ግስ ሁለት ሥራ ይሠራል። እረኛ በጎቹን ይጠብቃል፤ ሰውም ወዳጁ እስኪመጣ ድረስ በደጅ ቆሞ ይጠብቃል። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱን ይለያል፤ ለመንከባከብ «ሉክ አፍተር»፥ መምጣትን ለመጠባበቅ «ዌይት ፎር» ይላል። እንግዲህ አባት «ፕሊዝ ዌይት ፎር ማይ ሰን» ብሎ ቢጽፍ ዲሬክተሩ ልጁ እስኪመጣ ቆሞ እንዲቆይ የተለመነ ይመስለዋል። «ሉክ ፎር» ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ይብሳል፤ ልጄ ጠፍቷልና ፈልጉልኝ ማለት ይሆናልና። የቀናው አጻጻፍ «ፕሊዝ ሉክ አፍተር ማይ ሰን» ነው።

«ሉክ» ለብቻው መመልከት፥ «አፍተር» ለብቻው በኋላ ማለት ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ ግን ሌላ ፍች ይወልዳሉ። ይህም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ «ዝም አለ» ስንል «አለ» የሚለው ቃል መናገርን አያመለክትም፥ እንዲያውም ተቃራኒውን ነው። ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1755 ዓ.ም. ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም፥ እንዲህ ያሉት ግሦች ለውጭ አገር ሰው እጅግ አስቸጋሪ መሆናቸውን ገልጿል።

በጽሕፈት ጊዜ ሦስት ነገር ልብ ማለት ይገባል። መጀመሪያ፥ ሁለቱን ቃላት በተጠባቂው ስም መለየት አይገባም፤ «ሉክ አፍተር ሂም» ይባላል እንጂ «ሉክ ሂም አፍተር» አይባልም። ሁለተኛ፥ ጊዜው ሲለወጥ የሚለወጠው ፊተኛው ቃል ብቻ ነው፤ «ሺ ሉክት አፍተር ኸር ማዘር» ማለት እናትዋን ጦረች ማለት ነው። ሦስተኛ፥ «ልጁ በደኅና ተጠብቋል» ለማለት ሲፈለግ «ዘ ቦይ ኢዝ ዌል ሉክት አፍተር» ይባላል፤ «አፍተር» በመጨረሻ ብቻውን የቀረ ቢመስልም ሊጣል አይገባውም።

ልጆቻችሁን ስታስተምሩ ከቤታቸው ኑሮ ወስደው እንዲጽፉ ብታደርጉ መልካም ነው፤ ስለ አያታቸው፥ ስለ ፈረሱ፥ ስለ ቤቱ ገንዘብ። ግሱ ለሰውም ለከብትም ለዕቃም ይሆናልና።

ዳሩ ግን ግሱ የዘወትር ቃል ስለ ሆነ የአደራን ክብደት ብቻውን አይሸከምም። ስለዚህ አባት «አይ ኢንትረስት ሂም ቱ ዩ»፥ ማለት «እርሱን ለእርስዎ በአደራ ሰጥቻለሁ» የሚለውን ቢጨምርበትና፥ ልጁ ብርድ የማይችል ወይም ዓይን አፋር እንደ ሆነ ገልጦ ቢጽፍ፥ ተቀባዩ ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል።