የሴቶች 400 ሜትር፦ ከፍታው ሰበብ አይሆነንም

መስከረም 8 ቶኪዮ ላይ የተሮጠውን የሴቶች 400 ሜትር ፍጻሜ ስንቶቻችሁ አያችሁት? አሜሪካዊቷ ሲድኒ ማክላፍሊን ሌቭሮን 47.78፣ ዶሚኒካናዊቷ ማሪሌይዲ ፓውሊኖ 47.98 ገቡ። በአንድ ውድድር ሁለት ሴቶች ከ48 ሰከንድ በታች ሲገቡ የመጀመሪያው ነው። ምሥራቅ ጀርመናዊቷ ማሪታ ኮክ በ1985 የያዘችው 47.60 ለጥቂት ተረፈ።

ፍጻሜው ላይ ኢትዮጵያዊት አልነበረችም። የጠበቀም የለም። ለምን ሲባል "እኛኮ የከፍታ ልጆች፣ የረጅም ርቀት ሰዎች ነን" ይባላል። ግን ከፍታ ለአጭር ርቀት እንዲያውም ይመቻል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሯጭን ብዙ አይይዝም። በ1968 ሊ ኢቫንስ 400ን በ43.86 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረው ሜክሲኮ ሲቲ፣ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ቦሌ ኤርፖርት ከ2,300 በላይ ነው!

"ለአፍሪካ አይሆንም" የሚለውም አያስኬድም። ቦትስዋናዊቷ አማንትል ሞንቾ በ2011 ዴጉ ላይ በዚሁ ርቀት የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች።

እኛ ጋ ፈጣን ልጅ ስትገኝ ርቀቷ ይረዝማል። ፓሪስ ላይ በ800 ብር ያመጣችው ፅጌ ዱጉማ ፊት የ400 ሯጭ ነበረች። አልተሳሳተችም፣ ሜዳሊያው ይመሰክራል። ግን መንገዱ ያ ብቻ ነው እንዴ? ከ22 ወደ መገናኛ ስትሄዱ ጎዳናው በኃይሌ ስም ነው፣ ቦሌ ላይ የቀነኒሳ ሆቴል አለ። ልጆቹ የሚያዩት ስኬት ሁሉ የረጅም ርቀት ነው።

ገርጂ ያለች የ15 ዓመት ልጅ ዛሬ "400 ልሩጥ" ብትል የመነሻ ብሎክ የት ታገኛለች? ማንስ ያሠለጥናታል?