አባቴና ፊልትሮው

ባለፈው ወር ዘይት ልናስቀይር ጋራዥ ሄድን። ሠራተኛው አንድ የቆሸሸ ነገር ይዞ መጣ። «የአየር ማጣሪያችሁ ነው። በ80 ዶላር ልቀይረው?» እሺ ልል ስል አባቴ «ተወው፣ ቤት እንቀይረዋለን» አለኝ። እኔ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ፤ ማስተርስም አለኝ። ኮፈን ግን ከፍቼ አላውቅም ነበር።

ኮፈን ማለት የሞተሩ ክዳን ነው። ማጣሪያውን ደግሞ አባቴ «ፊልትሮ» ይለዋል። ሁለቱም ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

ከመለዋወጫ ሱቅ አዲስ ፊልትሮ በ20 ዶላር ገዛሁ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ኮፈኑን ከፈትኩ። አባቴ ወገቡን ስለሚያመው በርጩማ ላይ ተቀምጦ ትእዛዝ ይሰጣል።

«ጥቁሩን ሣጥን አየኸው? ወፍራም ቱቦ ያለበትን። መያዣዎቹን በጣትህ ክፈታቸው።» የእኛ መኪና እንዲህ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ግን ብሎን ስለሆነ ካቻቪቴ ያስፈልጋል።

አሮጌውን ሳወጣ ሣጥኑ ውስጥ ቅጠልና አሸዋ አየሁ። እፍ ልል ጎንበስ ስል አባቴ ጮኸ። «አትንፋ! ሞተር ውስጥ ይገባል። በጨርቅ ጥረገው።»

አዲሱን አስገባሁ፤ ክዳኑ አልገጥም አለ። ለካ ገልብጬዋለሁ! በኃይል መጫን አያዋጣም፤ ዙሪያውን ያለው ጎማ በደንብ ካልተቀመጠ አቧራ በጎን ያልፋል። አስተካክዬ ስመልሰው ቀጭ ብሎ ተዘጋ። 10 ደቂቃ እንኳ አልፈጀም።

ዞር ስል አባቴ አሮጌውን መሬት ላይ እየመታ ያራግፋል። አዲስ አበባ ታክሲ ሲነዳ ፊልትሮ ቶሎ አይጣልም ነበር፤ በአየር ተነፍቶ ይመለሳል። ወደ ፀሐይ አነሣና አየው። ብርሃኑ ያልፋል።

«ይቺ እኮ ገና ትሠራ ነበር!» አለኝ።