ፎቶውን ያነሳው ሰው ፎቶው ውስጥ የለም

ዛሬ የምንጽፈው ስለ አንድ ፎቶ ነው።

ባለፈው የካቲት እዚህ ኦስሎ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ነበር። በብርዱ ወራት መሐል በየዓመቱ የሚሰጥ ዕረፍት ነው። እኛም ቅዳሜና እሁድ ቁርኣን የምናስቀራቸውን ልጆች ሰብስበን፣ በከተማው ባቡር ፍሮግነርሴተረን ወደሚባለው ከፍታ ላይ ያለ የመጨረሻ ጣቢያ ወጣን። ከዚያ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል የሚወርድ የበረዶ መንሸራተቻ መንገድ አለ። ልጆቹ በሸርተቴ እየጮኹ ይወርዳሉ፣ ታች ሲደርሱ በባቡሩ ተመልሰው ይወጣሉ፣ እንደገና ይወርዳሉ። ዙሁርን በጀመዓ ሰገድን፣ በፔርሙዝ የያዝነውን ሻይ ጠጣን፣ ነጭ የለበሰውን ጥድ ከኋላችን አድርገን እየሳቅን ፎቶ ተነሳን። ለጠፍነው። «ማሻአላህ» ጎረፈ።

በሦስተኛው ቀን ከኮምቦልቻ የድምፅ መልእክት ደረሰን። የላከው ወሎ ውስጥ አብሮን ደረሳ የነበረ ወንድማችን ታናሽ ነው። ዕድሜው 21 ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጁ የተገዛው በእናቱ ዕቁብና በወንድሙ ብድር ነው። እንዲህ አለን፦ «ኡስታዝ፣ ፎቷችሁን አየሁት። ወስኛለሁ። ባጃጁን ሸጬ በሊቢያ በኩል ልወጣ ነው። ዱዓ አድርጉልኝ።»

ያን ድምፅ ደጋግመን ሰማነው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደንም። ምስክርነትን መደበቅ ቁርኣን አጥብቆ ከከለከላቸው ነገሮች አንዱ ነው። ግማሹን ተናግሮ ግማሹን የዋጠ ምስክር ቃል በቃል ባይዋሽም ፍርድ ያዛባል። እኛም በዚያ ፎቶ የመሰከርነው ግማሹን ነበር። ቀሪው ግማሽ ዛሬ ይነገር።

በመጀመሪያ ግን ሐቁን እንናገር፤ ፎቶው አልዋሸም። ውጭ አገር ሆኖ የሚኖርበትን አገር ብቻ የሚያማርር ሰውም ሹክር የጎደለው ነው። ኖርዌይ ውብ አገር ናት። በ1957 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሕግ ማንኛውም ሰው ባልታረሰ መሬት ላይ፣ የግል ይዞታ እንኳ ቢሆን፣ በእግሩ እንዲሄድ ይፈቅዳል። ሀብታሙም ድሃውም፣ ትናንት የመጣውም ጫካው የእሱ ነው። ሰዎቹ ብርድ ቤት አያስቀምጣቸውም። መጥፎ አየር የለም፣ ያለው መጥፎ ልብስ ነው ይላሉ። ሕፃን ልጅ በጋሪው ተጠቅልሎ በረንዳ ላይ፣ በብርዱ ውስጥ ሲያስተኙት አይተን መጀመሪያ ደንግጠን ነበር።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ገርሞናል። ከ1868 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ የእግር ተጓዦች ማኅበር በየተራራው ጎጆዎች አሉት። ከእነዚህ ብዙዎቹ ጠባቂ የላቸውም። ቁልፍ የያዘ አባል ከፍቶ ይገባል፣ መደርደሪያው ላይ ካለው ምግብ የሚፈልገውን ያበስላል፣ የበላውንና ያደረበትን ራሱ መዝግቦ ይከፍላል። ለሚቀጥለው እንግዳ ማገዶ ያዘጋጃል፣ ቤቱን ጠርጎ ይወጣል። ቆሞ የሚቆጥርበት ሰው የለም። ስለ አማና ስንት ኪታብ ቀርተናል! ተግባሩን እዚያ ጎጆ ውስጥ ስናየው ግን በራሳችን አፈርን።

ደረሳ ሳለን በፊቅህ ውስጥ ኹፍ ላይ ስለማበስ የሚናገረውን ባብ ስንቀራ፣ በክፍት ጫማ የምንሄድ ልጆች ስለነበርን «ይሄ ለማን ነው?» እያልን እንስቅ ነበር። ለነዋሪ አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ ለመንገደኛ ሦስት ቀን። እዚህ ውኃ በሚጋገርበት ብርድ ጫካ ውስጥ ዉዱእ ስናደርግ ባቡ ለማን እንደሆነ ገባን። ሱብሐነላህ፣ ዲኑ እኛ ከመድረሳችን በፊት እዚህ ደርሶ ቆይቶናል።

አሁን ወደ ቀሪው ግማሽ።

ታኅሣሥ ውስጥ ኦስሎ ላይ ፀሐይ የምትወጣው በአገር ቤት አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሩብ ካለፈ በኋላ ነው፤ 9 ሰዓት ከሩብ ሳይሞላ ትጠልቃለች። የምትታየውም ደመና ከሌለ ነው። በጨለማ ወደ ሥራ እንሄዳለን፣ በጨለማ እንመለሳለን። ከዙሁር መግቢያ እስከ መግሪብ ሦስት ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ ዙሁር፣ ዐስርና መግሪብ ሥራ ቦታ ላይ ተደራርበው ይይዙናል። በበጋው ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ ፀሐይዋ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሊሆን ሲል ትገባና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ትወጣለች። ረመዷን ሰኔ ላይ በዋለበት በ2016 (እ.ኤ.አ.) የጾሙ ርዝመት ወደ 20 ሰዓት የሚጠጋ ነበር። ወደ ሰሜን፣ ትሮምሶ አካባቢ ደግሞ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር አጋማሽ ፀሐይ ጭራሽ ከአድማስ በላይ አትወጣም።

ይህ ጨለማ በሰውነት ላይ ብቻ አይቀርም፤ ልብ ውስጥ ይገባል። የአገሬው ሰው የዓሣ ጉበት ዘይት በማንኪያ ይወስዳል። ቆዳችን ለጠቆረው ደግሞ የፀሐይዋ ቫይታሚን ከእነሱም በላይ ያጥረናል። መንገዱ መስታወት ሲሆን ጥርስ ያለው ብረት ጫማ ሥር አስረን እንሄዳለን። ይህንን ፎቶ አንስቶ የሚለጥፍ አይታችኋል?

ሥራችን ቀን ቀን አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት ውስጥ መርዳት ነው። እናጥባለን፣ እናለብሳለን፣ እናበላለን። ሐላል ሥራ ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ደመወዙ ወደ ብር ሲመነዘር ያስደነግጣል። የቤት ኪራዩም ወደ ብር ሲመነዘር እንደዚያው ያስደነግጣል። ሰው የሚመነዝረው ግን ደመወዙን ብቻ ነው። እዚያች ሥራ ላይ ለመቆም ቋንቋ ስንማር የቆየንባቸውን ዓመታት፣ በአገራችን ስናስተምር ቆይተን እዚህ እንደ ሕፃን «ይህ ወንበር ነው» ስንል ያለቀሰውን ነፍሳችንን የሚመነዝር የለም።

ስለ አውሮፓ ጉዞም እንጠየቃለን። ኖርዌይ በ1972 እና በ1994 (እ.ኤ.አ.) ሕዝቧ ድምፅ ሰጥቶ ወደ አውሮፓ ኅብረት አልገባም ብላለች፤ ሆኖም ሸንገን ውስጥ ስለሆነች የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ሌሎቹን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መጎብኘት ይችላል። እውነቱን ለመናገር የብዙዎቻችን «የአውሮፓ ጉዞ» የስቪኔሱንድን ድልድይ ተሻግሮ ስዊድን ገብቶ በረከስ ያለ ዋጋ አስቤዛ ሸምቶ መመለስ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለዓመታት ቆጥበን ኮርዶባ ሄደናል። በ785 (እ.ኤ.አ.) መሠረቱ የተጣለው ያ ታላቅ መስጂድ ከ1236 ጀምሮ ካቴድራል ነው። ምሰሶዎቹ መሐል ቆምን፤ ሁለት ረከዓ መስገድ ግን አይፈቀድም። ፎቶው ላይ ፈገግ ብለናል። ስንወጣ ምን እንደተሰማን ፎቶው አይናገርም።

ከሁሉም በላይ ያልተናገረው ግን ስለ ፎቶ አንሺው ነው።

ያን ቀን ስልካችንን ተቀብሎ ያነሳን አንድ ወንድማችን ነው። ሁልጊዜ «እኔ ላንሳችሁ» ይላል፤ ፎቶ ውስጥ መግባት አይወድም። ታሪኩን የምንጽፈው እሱ ፈቅዶልን ነው። በሰሃራና በባሕር አቋርጦ ነው የመጣው። የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ ሆነ። ይግባኝ አለ፣ እንደገና ውድቅ ሆነ። ይኸው 11 ዓመት ሆነው። ወረቀት የሌለው ሰው በሕጋዊ መንገድ መሥራት አይችልም፤ ከታመመም የሚያገኘው ድንገተኛና ሊዘገይ የማይችል ሕክምናን ነው። እኛ በመርከብ ዴንማርክ ደርሰን ስንመለስ እሱ ወደቡ ላይ ቆሞ ይሸኘናል። ኖርዌይ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ጥያቄያቸው ውድቅ የሆነባቸውን ስለመመለስ ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ስለተፈራረመች፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቡ ይመታል።

እናቱ ሲሞቱ ጀናዛቸውን ያየው በስልክ ነው። «ለምን ያኔ አልተመለስክም?» ብለን ጠየቅነው። መልሱ አጭር ነበር፦ «ባዶ እጄን ምን ብዬ?»

ልብ በሉ። ይህን ሰው አስሮ የያዘው የወረቀት እጦት ብቻ አይደለም። እፍረትም ነው። የተሸጠው በሬ፣ የተበደሩት ብር፣ «ምን ይዞ መጣ?» የሚል የጎረቤት ዓይን።

የምንንከባከባቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በበረዶ ተራራ ላይ ሲንሸራተቱ የኖሩ። ኖርዌጂያኖች ተራራ የሚወጣ ሁሉ የሚማራቸው ዘጠኝ ሕጎች አሏቸው። ሽማግሌው ከዘጠኙ አንዱን ደጋግመው ይነግሩናል፦ በጊዜ ተመለስ፣ መመለስ ነውር የለውም። «ተራራ ላይ የሞቱ ጓደኞቼ መንገድ ጠፍቷቸው ብቻ አይደለም፤ መመለስ አፍረው ነው» አሉን አንድ ቀን። እኛ የዚያን ወንድማችንን ፊት አሰብን።

«እናንተ ደርሳችሁ በሩን በእኛ ላይ ትዘጋላችሁ» የሚለን ይኖራል። ተገቢ ወቀሳ ነው። እኛ ባለቤታችን ጠርታን በቤተሰብ ማገናኘት፣ በአውሮፕላን ነው የመጣነው። ባሕሩን አልቀመስነውም። ስለዚህ «አትውጡ» የማለት ሞራል የለንም፣ አንልምም። ሂጅራ በዲናችን ክቡር ነው። ሶሐቦች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ የተቀበለቻቸው የእኛዋ ምድር ናት። ነገር ግን አካሄዳቸውን እንይ። የሸሹት በእምነታቸው ምክንያት ከሚደርስባቸው ግፍ ነበር። ወዴት እንደሚሄዱና ማን እንደሚቀበላቸው ያውቁ ነበር፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማንም የማይበደልበት ፍትሐዊ ንጉሥ እንዳለ ነግረዋቸዋል። ጊዜውም ሲደርስ ተመለሱ፤ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ከነባልደረቦቹ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲና ገብቷል። መመለሱን ማንም ውርደት አላለውም።

የዛሬው የሊቢያ መንገድ ምን ይመስላል? ሱዳን ከሚያዝያ 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ናት። ሊቢያ ውስጥ ሰው ታግቶ ቤተሰቡ በስልክ ጩኸቱን እየሰማ ገንዘብ ይጠየቃል። በጥቅምት 3፣ 2013 (እ.ኤ.አ.) ላምፔዱሳ አጠገብ በሰጠመች አንዲት ጀልባ ብቻ ከ360 በላይ ሰው አልቋል። ነፍስን በገዛ እጅ ወደ ጥፋት መጣል የተከለከለ ነው። ተወኩል ማለት ግመሉን አስሮ መመካት ነው እንጂ፣ ግመሉን ሸጦ ለደላላ ማስረከብ አይደለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

እኛ ውጭ ያለን፦ ፎቶ መለጠፍ ሐራም ነው አንልም። ነገር ግን የበረዶውን ከለጠፍን የጨለማውንም እንናገር። ታናሾቻችን ሲጠይቁን «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» ብለን አንዝጋው። ኪራያችንን፣ ዕዳችንን፣ ስንት ዓመት እንደጠበቅን እንንገራቸው። ኩራታችን የአንድ ወጣት ነፍስ አያህልም።

ወላጆችና ጎረቤቶች፦ የተመለሰን ልጅ «ምን ይዘህ መጣህ?» አትበሉት። ራሱን ይዞ መጥቷል። ከዚያ የበለጠ ምን ይምጣ?

እናንተ ወጣቶች፦ መውጣት ካሰባችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። በሕጋዊ መንገድ፣ በትምህርት፣ በሥራ ወይም በቤተሰብ የሚሆን በር አለ? ጥያቄዬ ውድቅ ቢሆን ምን አደርጋለሁ? የምሸጠው ንብረት የማን ላብ ነው? ኢስቲኻራ ስገዱ፤ ኢስቲሻራም አድርጉ፣ ማለትም የሚያውቅ ሰው አማክሩ። ደላላ አማካሪ አይሆንም።

ደግሞም ከኖርዌይ መልካሙን ለመውሰድ ቪዛ አያስፈልግም። ደሴ ጦሳ አለላችሁ፣ ኮምቦልቻ የጎፍ አለላችሁ፣ አዲስ አበባ እንጦጦ አለላችሁ። ቅዳሜ ከሱብሒ በኋላ አምስት ስድስት ሆናችሁ ሻይና ዳቦ ይዛችሁ ውጡ። ዱሓ ከላይ ስገዱ። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ውረዱ። የአማናው ጎጆም ሩቅ አይደለም፤ በመስጂዳችሁ ጥግ ጠባቂ የሌለው የመጽሐፍ መደርደሪያ አድርጉና ራሳችሁን ፈትኑ።

የኮምቦልቻው ወንድማችንን ደውለን ከፎቶ አንሺው ጋር በስልክ አገናኘናቸው። ሁለቱ ረጅም ሰዓት አወሩ፤ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅንም። ከሳምንት በኋላ አጭር መልእክት ደረሰን፦ «ባጃጁ እስካሁን አልተሸጠም። ኢስቲኻራ ላይ ነኝ። ዱዓችሁን አትርሱኝ።» ነገ ምን እንደሚወስን የሚያውቀው አላህ ነው። እኛ ግን የቀረብንን ምስክርነት ሰጥተናል።

ያ አላህ፣ በመንገድ ላይ ያሉትን ጠብቅልን፣ የጠፉትን መልስልን፣ ባሉበት ላሉት ሪዝቃቸውን በሐላል አስፋላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።